ቤናዚር ቡቶ እና አንቀጽ 58(2)(ለ)

ቤናዚር ቡቶ (1953–2007) አብዛኛው ሕዝቡ ሙስሊም በሆነ አገር ተመርጠው መንግሥት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ፓኪስታንን ሁለት ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትርነት መርተው ሁለቱንም የሥራ ዘመን ሳይጨርሱ፣ ለፕሬዚዳንቱ ምክር ቤት የመበተን ሥልጣን በሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58(2)(ለ) ተሽረዋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካራቺ ተወልደው በሃርቫርድና በኦክስፎርድ ተማሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በተመለሱ በቀናት ውስጥ፣ በጁላይ 1977፣ ጄኔራል ዚያ ኡል ሃቅ አባታቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር ዙልፊካር አሊ ቡቶን ገለበጡ፤ በ1979ም በስቅላት አስቀጧቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የቁም እስር፣ የሱኩር ወህኒ ቤትና የለንደን ስደት ናቸው። በኤፕሪል 1986 ላሆር ሲገቡ የተቀበላቸው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ነበር።

ዚያ በኦገስት 1988 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ቤናዚር የመጀመሪያ ልጃቸውን በሴፕቴምበር 21 ተገላግለው ለኖቬምበር 16ቱ ምርጫ ደረሱ። ፓርቲያቸው ከሁሉም የበለጠ ወንበር ቢያገኝም ከግማሽ አላለፈም። በ35 ዓመታቸው ሥልጣን ሲረከቡ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በቦታቸው ቀሩ፤ ጉላም ኢስሃቅ ካንም በፕሬዚዳንትነት እንዲቀጥሉ ፓርቲያቸው ደገፈ። የኑክሌርና የአፍጋኒስታን ጉዳይ ከሠራዊቱ እጅ አልወጣም።

ዋናው እንቅፋት ግን ዚያ በ1985 በሕገ መንግሥቱ ያስገቡት አንቀጽ 58(2)(ለ) ነበር። ፕሬዚዳንቱ መንግሥት በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሥራት አልቻለም ብለው ካመኑ ምክር ቤቱን በፊርማቸው ይበትናሉ፤ ካቢኔውም አብሮ ይወድቃል። በኖቬምበር 1989 ተቃዋሚዎች በምክር ቤት እሳቸውን ለመሻር ያቀረቡት ያለመተማመን ድምፅ በ12 ድምፅ ጎድሎ ከሸፈ። ምክር ቤቱ ያልሻራቸውን ሴት ፕሬዚዳንቱ በኦገስት 6 ቀን 1990 በሙስና ከሰው አሰናበቱ።

ሴኔቱ በተቃዋሚዎች እጅ ስለነበረ በመጀመሪያው ዘመን ሕግ ማውጣት ከባድ ነበር፤ ስለዚህ ዘላቂ ሥራቸው በአብዛኛው በካቢኔ ውሳኔ የሚጀመር ነው። የሴቶች ባንክ በ1989 ተከፈተ። ከሁሉ የጠቀመው በሁለተኛው ዘመን፣ በ1994 የተጀመረው የሴት ጤና ሠራተኞች መርሐ ግብር ነው፦ ቢያንስ 8ኛ ክፍል የጨረሰች የመንደሩ ነዋሪ ለ15 ወር ሠልጥና ወደ 1,000 ለሚጠጉ ሰዎች የወሊድ ክትትል፣ የቤተሰብ ምጣኔና የክትባት አገልግሎት ታደርሳለች። ሐኪም ቤት መሄድ ለማይፈቀድላት ሴት ጤና ጣቢያው ደጇ ድረስ መጣላት። ሴቶችን ክፉኛ የጎዱትን በጄኔራል ዚያ ዘመን የወጡ የሁዱድ ድንጋጌዎች (በእስልምና ሕግ ስም የወጡ የወንጀል ሕጎች) ግን በሁለቱም ዘመን አላስነሡም፤ የሥራቸው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

በ1993 ወደ ሥልጣን ሲመለሱ አንቀጹ ዳግም እንዳይጥላቸው የራሳቸውን ፓርቲ ሰው ፋሩቅ ለጋሪን ፕሬዚዳንት አስመረጡ። አልሠራም። ወንድማቸው ሙርተዛ በካራቺ በፖሊስ ተኩስ ከተገደለ ከሳምንታት በኋላ፣ በኖቬምበር 1996፣ ለጋሪ በዚያው አንቀጽ ሻሯቸው።

ከሁለተኛ ስደት ተመልሰው ለምርጫ ሲቀሰቅሱ በዲሴምበር 27 ቀን 2007 ራዋልፒንዲ ላይ ተገደሉ። አንቀጹ በ1997 ተሰርዞ በወታደራዊው መሪ ፐርቬዝ ሙሻራፍ ዘመን ተመልሶ ነበር፤ በኤፕሪል 2010 በ18ኛው ማሻሻያ እንደገና ሲሻር የፈረሙት ፕሬዚዳንት ባለቤታቸው አሲፍ አሊ ዛርዳሪ ነበሩ።