በፊልም ውስጥ «ውክልና» ምንድን ነው?

ደሴ ላይ «ውክልና» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ወረቀት ነው። አረብ አገር ያለች እህት ወንድሟ ቤቷን እንዲሸጥላት ፈርማ የምትልከው፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። ማን ማንን ለምን ጉዳይ እንደወከለ ተጽፎበታል፤ ሐሳቧን ከቀየረች ትሽረዋለች። የፊልም ውክልና ግን ፊርማ የለውም። ተዋናዩ ስክሪኑ ላይ ቆሞ «ሙስሊም እንዲህ ነው፣ ሴት እንዲህ ናት፣ አፍሪካዊ ይህን ይመስላል» ሲል በአንተ ስም እየተናገረ ነው። አንተ አልፈረምክም፤ ልሻረው ብትልም የምትሄድበት ቢሮ የለም።

ብዙ ጊዜ ከብዝኃነት ጋር ይምታታል። ብዝኃነት ቆጠራ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው አለ? ውክልና የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የታየው ሰው ስም አለው? የራሱ ሥራና ፍላጎት አለው ወይስ ለዋናው ተዋናይ በር ሊከፍት ብቻ ነው የመጣው? ታሪኩስ የሚታየው በማን ዓይን ነው?

እኛ የወሎ ሰዎች ይህን ከመጽሐፍ አልተማርነውም። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቢዩርክ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ስለ ረሃቡ ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አንቀሳቀሰ። እህል መጣ፣ ነፍስ ተረፈ፤ ውለታው አይካድም። ከዚያ ወዲህ ግን ለብዙ የውጭ ሰው ኢትዮጵያዊ ማለት ያ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሆኖ ቀረ። ያ ሰው ሲያርስ፣ ልጅ ሲድር፣ ሲዘፍን የኖረ መሆኑ ካሜራው ውስጥ አልገባም። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚሁ በወሎ ባሉ ቦታዎች ስም ነው የሚጠሩት። በአገር ቤት ደግሞ ሌላ ምስል አለን፤ የወሎ ልጅ በዘፈኑም በድራማውም ቆንጆ ናት። እኔም ስሰማው ደስ ይለኛል፤ ሆኖም ከቁንጅናዋ ሌላ አንድ ነገር ሳንሰማላት ዘፈኑ ያልቃል። ሙገሳም ሰውን ሊያጠብብ ይችላል።

ይህን ሐሳብ በደንብ የሚፈትነው የድሮውን ዘመን መልሶ የሚያሳይ የስለላ ኮሜዲ ነው። ሁለት መከለያ አለውና፦ «ዘመኑ እንዲህ ነበር» እና «ቀልድ ነው»።

የመጀመሪያው መከለያ ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው የመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ ፊልም ዶክተር ኖ የተባለውን ግማሽ ቻይናዊ ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ነጩ ካናዳዊ ጆሴፍ ዋይዝማን ነው። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ «አይ ስፓይ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ጥቁሩ ቢል ኮዝቢ ከነጩ ሮበርት ካልፕ ጋር እኩል መሪ ተዋናይ ሆኖ ሰላይ ሆነ። ስለዚህ ዘመኑ ራሱ አንድ ልብ አልነበረውም።

ሁለተኛው መከለያ የሚፈርሰው «የሚሳቀው በማን ላይ ነው?» ብለህ ስትጠይቅ ነው። ሚሼል አዛናቪሲዩስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የፈረንሳይ ፊልም፣ «ኦኤስኤስ 117»፣ በ1955 ወደ ካይሮ የተላከ አንድ ሰላይ ያሳያል። ዣን ዱጃርዳን የሚጫወተው ይህ ሰላይ መልከ መልካም ነው፣ በራሱ ይተማመናል፣ ስለ ግብፅ ግን አንዳች አያውቅም። ለሰው ስጦታ ብሎ የሚሰጠው የአገሩን የፈረንሳይን ፕሬዚዳንት የሬኔ ኮቲን ፎቶ ነው። አንድ ሌሊት አዛን እንቅልፉን ይነሳውና ሚናራው ላይ ወጥቶ ሙአዚኑን ዝም ሊያሰኝ ይታገላል።

ይህን ትዕይንት ደሴ ውስጥ ከአብሮ አደጎቼ ጋር ነው ያየሁት፣ ከእኛም ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነበርን። ሌሊቱን አዛኑም ቅዳሴውም እየተሰማ ነው ያደግነው፤ አንድ ቤት ውስጥ አባት መሐመድ ልጁ ደሳለኝ ቢባል ማንም አይደነቅም። ሰላዩ ሚናራውን ሲወጣ አንዱ ጓደኛችን «ወይ ጉድ! አላህ ይይለት፣ ይሄ ምን ሊሆን ነው!» አለና ሳቀ። የሳቀው በሰላዩ ነው። ሌላው ግን አልሳቀም። «የተጎተተው ሙአዚን እኮ ነው» አለ። እኔ ሁለቱም ልክ ነበሩ ባይ ነኝ። ፊልሙ ሞኙ ማን እንደሆነ በግልጽ ያሳያል፤ የሞኙን ክንድ የሚቀምሰው ግን ስሙን ያላወቅነው ሰው ነው።

በዚያው ፊልም ላርሚና የምትባል ግብፃዊት አለች። ከሰላዩ ይልቅ አስተዋይ ናት፣ አገሯንና ሃይማኖቷን ልታስረዳው ትሞክራለች፣ እሱም አይሰማትም። በውክልና ሚዛን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሴቲቱ ለማማር ብቻ አልተቀመጠችም። የተጫወተቻት ግን ቦነስ አይረስ የተወለደችው ፈረንሳዊት ቤሬኒስ ቤዦ ናት፤ የፊልሙ ካይሮም ሞሮኮ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ፈረንሳዊው በራሱ ላይ እንዲስቅ አድርገዋል፤ ግብፃዊቷን ግን አሁንም በሌላ ሰው ነው የወከሏት።