ፓሪሽ ምንድን ነው? አጥቢያ ወረዳ የሆነባት ሉዊዚያና

አሜሪካ የኖረ ሐበሻ ካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ ወረዳ) የሚለውን ቃል ወደደም ጠላም ይለምደዋል። የቤት ግብሩም፣ የፍርድ ቤት ጉዳዩም ከዚያ አይወጣም። ሉዊዚያና ሲገባ ግን ካውንቲ የሚባል ነገር አያገኝም። ግዛቲቱ የተከፋፈለችው በ64 ፓሪሾች ነው። ፓሪሽ ደግሞ በቀጥታ ሲተረጎም እኛ አጥቢያ የምንለው ነው፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ፣ ምእመናኑ የሚጠመቁበትና የሚቀበሩበት ክልል።

ከኒው ኦርሊንስ ተነስቶ ወደ ዋና ከተማዋ ባተን ሩዥ የሚነዳ ሰው ሴንት ቻርልስን፣ ሴንት ጆን ዘ ባፕቲስትን፣ ሴንት ጄምስን አልፎ አሴንሽን ይደርሳል። ከአሴንሽን ቀጥሎ ወደ ደቡብ አሳምፕሽን አለ። እነዚህን ስሞች ወደ አማርኛ መልሰን ብናነባቸው መጥምቁ ዮሐንስንና ቅዱስ ያዕቆብን አልፈን ዕርገት ገባን፣ ከዕርገት ወርደን ፍልሰታ ደረስን ማለት ነው። ሁሉም ግን ግብር የሚሰበስቡ፣ መንገድ የሚጠግኑ የመንግሥት አስተዳደሮች ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ፈረንሳዊው አሳሽ ላ ሳል እ.ኤ.አ. በ1682 የሚሲሲፒን ወንዝ ተፋሰስ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ስም ይዞ አገሩን ሉዊዚያና ካለበት ጊዜ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ኒው ኦርሊንስ በ1718 ተቆረቆረች። በ1762 ፈረንሳይ ቅኝ ግዛቱን ለስፔን ሰጠች። ጌታው ተለወጠ እንጂ ሃይማኖቱ አልተለወጠም፤ ሁለቱም ካቶሊኮች ነበሩ። በ1724 የወጣው የባሪያ ሕግ፣ ኮድ ኖይር የሚባለው፣ ከካቶሊክ በስተቀር ሌላ እምነት በአደባባይ እንዳይመለክ ከልክሎ ነበር። ያው ሕግ በሰንሰለት የተያዙትም ሰዎች እንዲጠመቁ ያዝዛል፤ ነፍሳቸው እንድትድን ተጨንቆ ሥጋቸውን ለገበያ ያቀርባል። ስለዚህ ማን ተወለደ፣ ማን ተጋባ፣ ማን ሞተ የሚለውን የሚመዘግበው የአጥቢያው ካህን ነበር። ዛሬም በሉዊዚያና የዘር ሐረጉን የሚቆጥር ሰው እነዚያን የጥምቀት መዛግብት ያገላብጣል።

ስፔን አገሩን ለፈረንሳይ ከመለሰች በኋላ፣ በ1803 አሜሪካ ሰፊውን የሉዊዚያና ግዛት ከናፖሊዮን በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛች። አዲሶቹ ሹማምንት በ1805 የለመዱትን ካውንቲ አምጥተው ኦርሊንስ የተባለውን ደቡባዊ ክፍል፣ የዛሬዋን ሉዊዚያና አብዛኛውን፣ በ12 ከፈሉት። ካውንቲዎቹ ሰፋፊ ነበሩ፤ ነዋሪው የሚያውቀው ደግሞ አጥቢያውን ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1807 ሕግ አውጪዎቹ 19 ፓሪሾችን አቋቋሙ፤ መነሻቸውም የድሮው የቤተ ክርስቲያን ወሰን ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ኖሩ። ሉዊዚያና በ1812 የኅብረቱ 18ኛ አባል ሆነች፤ ከ1845ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ ኦፊሴላዊው ስም ፓሪሽ ብቻ ሆነ።

ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትንንሽ ሙግት የሚያየው የመንግሥት ዳኛ "አጥቢያ ዳኛ" ይባል ነበር፤ ሰው ሰፈሩን የሚለየው በደብሩ ስለሆነ ነው። ሌላም ዝምድና አለ። ሉዊዚያና ከሌሎቹ ግዛቶች ተለይታ በፈረንሳይና በስፔን ባህል የተቃኘ የፍትሐ ብሔር ሕግ አላት፤ የመጀመሪያው በ1808 ወጣ። የእኛንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው።

ወደ ፓሪሾቹ እንመለስ። የብዙዎቹ ምክር ቤት "ፖሊስ ጁሪ" ይባላል፤ ፖሊስም ዳኝነትም የለበትም፣ በጀት የሚያጸድቅ የተመራጮች ጉባኤ ነው። ወህኒ ቤቱ ደግሞ "ፓሪሽ ፕሪዝን" ነው፤ የአጥቢያው እስር ቤት እንደ ማለት። ሁሉም ፓሪሽ በጻድቅ ስም አልተጠራም። ሊንከን የሚባል አለ፤ በእርስ በእርሱ ጦርነት የባላንጣው ወገን መሪ የነበረው ጄፈርሰን ዴቪስም የራሱ ፓሪሽ አለው። ከሁሉም እኔን የሚያስቀኝ ሴንት ታማኒ ነው። ታማኒ ቅዱስ ቀርቶ ካቶሊክም አልነበረም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሰፋሪዎች ጋር በሰላም በመኖሩ የተወደደ የሌናፔ፣ ማለትም የአንድ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ፣ አለቃ ነው። አሜሪካውያን በፍቅርም በቀልድም "ቅዱስ" አሉት፤ በ1810 ከኒው ኦርሊንስ ማዶ፣ ከፖንቻርትሬን ሐይቅ በስተሰሜን ያለው ፓሪሽ በስሙ ተጠራ።

እውነተኛው አጥቢያም አልጠፋም። ሉዊዚያና ውስጥ አንድ ካቶሊክ ስለሚያስቀድስበት ደብር ሲያወራ ከወረዳው ጋር እንዳይምታታበት "የቤተ ክርስቲያን ፓሪሽ" ብሎ ይለያል።