ኅሊና ምንድን ነው? አብሮን ይወለዳል?

«ይሉኝታ ያዘኝ» ስንል የሰው ዓይን ፈራን ማለት ነው። «ኅሊናዬ እንቢ አለኝ» ስንል ግን ማንም ባያየንም ውስጣችን ቆጠቆጠን ማለታችን ነው። ቃሉ ከግዕዝ ነው፤ «ኀለየ» አሰበ ማለት ነው። ይህ የውስጥ ዳኛ አብሮን ይወለዳል ወይስ አሳዳጊ የሚተክለው ነው?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋው ፍራንሲስ ሃችሰን ሰው ደግና ክፉ የሚለይበት ስሜት በተፈጥሮው አለው ብሎ አስተማረ። በኋላ የመጡ ደግሞ ነገሩን ከቋንቋ ጋር አመሳሰሉት። አፉን በአማርኛ የሚፈታ ልጅ የ«በላ፣ በላች፣ በሉ»ን ሕግ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም። ግን ይጠቀምበታል፤ ኅሊናም እንዲሁ ነው አሉ።

በ2007 እ.ኤ.አ. የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሕፃናት ትንሽ ትርኢት አሳዩ። ዓይን የተሠራለት የእንጨት ቅርጽ ዳገት ለመውጣት ይታገላል። አንድ ሌላ ቅርጽ ከኋላ ገፍቶ ያግዘዋል፣ ሌላው ወደ ታች ይመልሰዋል። ከዚያ ሁለቱን አቀረቡላቸው። 12ቱም የ6 ወር ሕፃናት አጋዡን መረጡ! ልብ ያሞቃል። በቅርቡ ግን 37 ላቦራቶሪዎች ተባብረው ከ500 በላይ ሕፃናት ላይ ሲሞክሩት አጋዡን የመረጡት ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆኑ። ሳንቲም ወርውሮ እንደመምረጥ ነው። ስለዚህ ያንን ሙከራ ብቻ ይዞ መከራከር አይቻልም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልየት ቱሪየልና የእሱን መንገድ የተከተሉ ሰዎች ትንንሽ ልጆችን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁ፦ አስተማሪዋ ብትፈቅድ የክፍሉን ደንብ መተው ይቻላል? አዎ፣ ይቻላል። ብትፈቅድ ጓደኛን መምታትስ? አይቻልም፤ ያማል። የ4 ዓመት ልጆች እንኳ ይህን ይለያሉ።

በ4 ዓመት ብዙ ይማራሉ፣ እውነት ነው። ምን ነውር እንደሆነ፣ ለማን እንደሚታዘን፣ ማን «የኛ» እንደሚባል የሚማሩት ከቤትና ከሰፈር ነው፤ እሱን አልክድም። ግን እስቲ ቤታችንን አስቡት። ልጅ እህቱን ሲመታም፣ እንግዳ ፊት እግሩን ሲሰቅልም የምንለው ያው ነው፦ «ነውር ነው!» ቃሉም ቁጣውም አንድ ነው። እህቱን ማሳመም ግን ማንም ቢፈቅድለት ልክ እንደማይሆን ማን ነገረው? አብሮት የተወለደ ነገር ካለ እሱ ይመስለኛል።