የመኖ ቅባት በአሳማ አካል ውስጥ የሚፈጭበት ሂደት፦ ከጎንደር የተጠናቀረ አጠቃላይ ዳሰሳ

አሳማ በጎንደር አካባቢ የተለመደ የእርባታ እንስሳ አይደለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋውን ስለማይበላ፣ በአገሪቱ ያሉት ጥቂት እርባታዎች በአብዛኛው በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው አንጋፋው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ስለሚያፈራ፣ የአካባቢው ገበሬም ኑግና ሰሊጥ አምራች ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለዚህ አገር አንባቢ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

አሳማ አያመሰኳም። በሬ ወይም በግ የበላው ቅባት ገና በትልቁ ጨጓራ ሳለ በረቂቅ ተሕዋስያን ባሕርዩ ይለወጣል፤ በአሳማ ግን ብዙም ሳይለወጥ ትንሹ አንጀት ይደርሳል። እዚያም ሐሞት ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይበትነዋል፣ ከቆሽት የሚወጣው ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ እያንዳንዱን የቅባት ሞለኪውል ወደ ሁለት ነጻ የቅባት አሲዶችና ወደ አንድ ሞኖግሊሰራይድ (አንድ አሲድ ብቻ የቀረበት የቅባት ክፍል) ይሰነጥቀዋል። እነዚህም ከሐሞት ጨው ጋር ተዋሕደው በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ይመጠጣሉ፤ ረጃጅሞቹ አሲዶች እንደገና ቅባት ሆነው በሊምፍ ሲጓዙ፣ በኮኮናት ዘይት ውስጥ ያሉት ባለ 8 እና ባለ 10 ካርቦን አሲዶች ግን በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ጉበት ያመራሉ።

በሰፊው የተጠናው የቅባቶቹ ልዩነት ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካና በብሪታኒያ የተካሄዱ ሙከራዎች፣ ወሳኙ ነገር ያልጠገቡት አሲዶች (በካርቦን ሰንሰለታቸው ድርብ ትስስር ያለባቸው) ከጠገቡት (ድርብ ትስስር ከሌላቸው) ጋር ያላቸው ጥምርታ መሆኑን አሳይተዋል። ጥምርታው ከ1.5 ሲበልጥ አሳማው ከቅባቱ ከ85 እስከ 92 በመቶ የሚሆነውን ይፈጫል፤ ከዚያ ሲያንስ የሚፈጨው መጠን በፍጥነት ያሽቆለቁላል፣ እጅግ ከፍ ሲል ግን የሚጨመረው ጥቅም እየመነመነ ይሄዳል። የበሬ ሞራ ከአኩሪ አተር ዘይት ያነሰ የሚፈጨው ለዚህ ነው፤ በሞራ ውስጥ የሚበዙት የጠገቡ አሲዶች፣ ፓልሚቲክና ስቴሪክ፣ ከሐሞት ጨው ጋር በቀላሉ አይዋሐዱም፣ ከካልሲየም ጋርም ሳሙና ሆነው ከእበት ጋር ይወጣሉ። የነጻ አሲዶች መብዛትም፣ ለምሳሌ ያለአግባብ በተከማቸ ዘይት፣ የሚፈጨውን መጠን ይቀንሳል። የራሱ የአሳማው ስብ ከሞራ የተሻለ የሚፈጨው የፓልሚቲክ አሲዱ በሞለኪውሉ መካከል ስለተቀመጠ ነው ተብሎ ይታመናል። እንደ ሌሲቲን ያሉ በታኝ ቅመሞች ይረዳሉ ወይስ አይረዱም በሚለው ላይ ግን ውጤቶቹ አይስማሙም።

የእድሜ ጉዳይም አለ። ግልገሉ የእናቱን ወተት ቅባት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይፈጫል፤ ጡት እንደጣለ ግን የላይፔዙ መጠን ስለሚወርድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተለይ ሞራን በሚገባ አይጠቀምም፤ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ልዩነቱ ይጠባል።

የእኛው ኑግ በዚህ ሚዛን ሲታይ ደረጃው የሚያኮራ ነው፤ ከዘይቱ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ የተባለው ያልጠገበ አሲድ ሲሆን የጠገቡት አሲዶች ከ20 በመቶ በታች ናቸው። በመጭመቂያ ቤት የሚቀረው ፋጉሎም ጥቂት ዘይት ይዞ ይወጣል። ሆኖም በፍሬው ሕዋስ ውስጥ እንደታሸገ ያለ ዘይት ከተጨመቀው ያነሰ ይፈጫል፣ የፋጉሎው አሰርም ይህንኑ ያባብሳል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለበት ከሚያመሰኩት ይልቅ ለአሳማ አደገኛ ነው።

መለኪያውም ጥንቃቄ ይሻል። በትልቁ አንጀት ያሉ ተሕዋስያን ያልጠገቡትን አሲዶች ስለሚያጠግቡ፣ የራሳቸውንም ቅባት ስለሚጨምሩ፣ የእያንዳንዱ አሲድ መጠን በትንሹ አንጀት መጨረሻ ቢለካ የበለጠ ይታመናል። የአሳማው ስብ የበላውን ዘይት ስለሚመስልም፣ ሊኖሌይክ አሲድ የበዛበት መኖ እስከ እርድ ድረስ ከተሰጠ ስቡ የላላና ቶሎ የሚበላሽ ይሆናል፤ ስለዚህ አርቢዎች ከእርድ በፊት ባሉት ሳምንታት እንዲህ ያለውን ዘይት ይቀንሳሉ።