«ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል»፦ አባባሉ ከየት መጣ? ምን ማለትስ ነው?

ይህን አባባል ያልሰማ የለም ማለት ይቻላል። ሰባኪው ዐውደ ምሕረት ላይ ይለዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጥቅስ ሲከራከሩ አንደኛው ይመዘዋል። ፌስቡክ ላይማ የክርክር መዝጊያ ሆኗል፤ ጥቅስ ለጠቀሰ ሰው «ንባብ ይገድላል» ብሎ መመለስ ነው፣ አለቀ። «ትርጓሜ ያድናል» የሚለውን ግማሽ አስከትሎ ትርጓሜውን የሚነግረን ግን ጥቂት ነው።

አባባሉ ከቤተ ክህነት፣ ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ነው። በተለይ የመጻሕፍት ትርጓሜ ከሚሰጥበት ከመጽሐፍ ቤት። እዚያ አንዱ ተማሪ የግእዙን ንባብ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መምህሩ ከአፉ ተቀብለው በአማርኛ ያትቱታል። አንድ ፍቺ ሰጥተው አይበቃቸውም። «አንድም» (እንዲህም ይተረጎማል ለማለት ነው) ይሉና ሌላ ያመጣሉ። ደግሞ «አንድም»። ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል።

ታዲያ እዚህ የደረሰ ተማሪ ንባብ የናቀ እንዳይመስላችሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ንባብ ቤት ከርሟል። ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል። የትኛው ቃል ተነሽ፣ የትኛው ወዳቂ፣ የትኛው ሰያፍ ወይም ተጣይ እንደሆነ (እነዚህ የግእዝ ቃላት የሚነበቡባቸው የድምፅ ዓይነቶች ናቸው) ካልለየ መምህሩ አያሳልፉትም። ንባቡ የተበላሸበት ሰው ትርጓሜውን ከየት ያመጣል? ስለዚህ አባባሉ አታንብቡ አይልም። ንባቡ ላይ ቆማችሁ አትቅሩ ነው የሚለው።

ምንጩ ቅዱስ ጳውሎስ ነው። በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 6 ላይ «ፊደል ይገድላልና መንፈስ ግን ሕይወትን ይሰጣል» ይላል። ከፍ ብላችሁ ካነበባችሁ ሐዋርያው ስለ አተረጓጎም ስልት እያስተማረ አይደለም። በድንጋይ ጽላት የተቀረጸውን ሕግና በሰው ልብ የሚጻፈውን አዲስ ኪዳን እያነጻጸረ ነው። ሕጉ ጥፋተኛውን ይፈርድበታል፤ መንፈስ ግን ሰውየውን ይለውጠዋል። የእኛ አባባል «ፊደል» የነበረውን «ንባብ»፣ «መንፈስ» የነበረውን «ትርጓሜ» አደረገው። ትልቅ ዝላይ ነው። ጥቅሱ ተጣሟል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

እኔ ግን ተጣሟል አልልም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ወረድ ሲሉ የሙሴ ፊት ይመጣል። ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ ፊቱ ስላበራ ሸፍኖት ነበር። ጳውሎስ ይህን ታሪክ ያነሳና፣ ብሉይ ኪዳን ሲነበብ ያ መጋረጃ በሰሚዎቹ ልብ ላይ እንዳለ ነው፣ የሚነሳው በክርስቶስ ነው ይላል። እንግዲህ ንባቡም አለ፣ መጋረጃውም አለ፣ የመጋረጃው መነሳትም አለ። የአባባሉ ባለቤቶች ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብበውታል።

የመጽሐፍ ቅዱስ «ምሥጢር» የሚባለው ነገርም የሚገባን በዚህ በኩል ነው። በእኛ ዘንድ «ይሄ ምሥጢር ነው» ማለት ብዙ ጊዜ አትጠይቅ ማለት ሆኗል። ልጅ ስለ ሥላሴ ይጠይቃል፤ «ምሥጢር ነው» ይባልና ዝም ይላል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው አካሄድ ሌላ ነው። ናቡከደነፆር ሕልም አይቶ ጠቢባኑ ሁሉ ሲያቅታቸው፣ ዳንኤል ንጉሡ ፊት ቆሞ «ምሥጢርን የሚገልጥ አምላክ በሰማይ ውስጥ አለ» ይላል። ጳውሎስም «እነሆ፥ አንድ ምሥጢር እነግራችኋለሁ» ይልና ወዲያው ስለ ትንሣኤ ሙታን ይናገራል። ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ ለቀደሙት ትውልዶች ያልተገለጠ ምሥጢር አለ ይላል። ምንድን ነው ስንል፣ አሕዛብ ከእስራኤል ጋር አብረው ወራሾች መሆናቸው ነው። ስውር የነበረ፣ አሁን በአደባባይ የሚሰበክ ነገር ማለት ነው።

ይህ ሲባል ምሥጢሩ ተነግሮ ያልቃል ማለት አይደለም። ሮሜ 11 ላይ ጳውሎስ ስለ እስራኤል አንድ ምሥጢር ይገልጣል። ገልጦ ሲጨርስ ግን «ገባችሁ አይደል?» አይልም። የእግዚአብሔር ጥበብና እውቀት እንዴት ጥልቅ ነው እያለ ይደነቃል። መምህራኑ በአንድ ፍቺ የማይበቃቸው ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይታየኛል።

አሁን «ይገድላል» ወደሚለው እንምጣ። ቃሉ ይከብዳል፤ ለማስፈራራት የተጋነነም ሊመስል ይችላል። ዮሐንስ ምዕራፍ 2ን እዩ። ጌታችን «ይህን ቤተ መቅደስ አፍርሱት፥ በሦስት ቀንም አነሣዋለሁ» አለ። አይሁድ ዙሪያቸውን አዩ፤ ድንጋዩ ታያቸው። 46 ዓመት የተሠራውን ሕንፃ በሦስት ቀን? ዮሐንስ ግን ስለ ሰውነቱ ቤተ መቅደስ እንደተናገረ ይነግረናል። ደቀ መዛሙርቱ እንኳ ነገሩን ያስታወሱት ከትንሣኤው በኋላ ነው።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ደግ ነበር። ማቴዎስ 26 ላይ ያው ንግግር ሸንጎ ፊት ቀረበ። ሁለት ምስክሮች ተነሡና ቤተ መቅደሱን «ላፈርሰው» በሦስት ቀንም ልሠራው እችላለሁ ብሏል አሉ። ልዩነቱን አያችሁ? እርሱ ያለው «አፍርሱት» ነው። ትርጓሜው የጠፋባቸው ሰዎች ንባቡንም አልጠበቁትም። በመስቀል ላይ ሳለም አላፊ አግዳሚው በዚሁ ቃል ይዘብትበት ነበር። እዚህ ላይ «ይገድላል» የሚለው ቃል ማጋነን አይደለም።

በተራው ኑሯችንም ይገጥመናል። በቴሌግራም «እሺ» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ስንቱ ተኳርፏል።

የአባባሉ ሁለተኛ ግማሽ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የንግሥት ህንደኬ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። (በዘመኑ ኢትዮጵያ የሚባለው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው የኩሽ ምድር ነበር፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ሰው እንደ ራሷ አባት ታየዋለች።) ወንጌላዊው ፊልጶስ ሰውየው ሲያነብ ይሰማዋል። ስለዚህ ንባቡ አለ፤ ሰውየው መጽሐፍ የያዘ፣ ማንበብ የሚችል፣ ባለሥልጣን ነው። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው ሹመቱን ትቶ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ ይመልሳል። ጥያቄውም ደስ ይላል፤ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው? ጥሩ የመጽሐፍ ቤት ተማሪ የሚጠይቀው ዓይነት ነው። ፊልጶስ ከዚያች ጥቅስ ተነሥቶ ኢየሱስን ሰበከለት፤ በዚያው መንገድ ላይ ውኃ ሲያገኙ ተጠመቀ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር (የእምነቷን ዋና ምሰሶዎች) ስታስተምርም መንገዷ ይኸው ነው። ሥላሴ፣ ሥጋዌ (የአምላክ ሰው መሆን)፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። ምእመኑ ሁሉ ይማራቸዋል፤ ለሊቃውንት ብቻ የተቆለፉ አይደሉም። አምስት መሆናቸውን ለማስረዳት የሚጠቀሰው 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥19 ነው። እዚያ ጳውሎስ በልሳን እልፍ ቃላት ከመናገር ይልቅ ሌሎችን ለማስተማር በአእምሮው አምስት ቃላት መናገር እንደሚወድ ይናገራል።

አባባሉን ያለ ቦታው መሰንቀርም አለ፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 29 ላይ ቀኝ ዓይንህ ብታሰናክልህ አውጥተህ ጣላት ይላል። እዚህ ላይ «ንባብ ይገድላል» ማለት ተገቢ ነው፤ ዓይኑን ጎልጉሎ የሚያወጣ እንዳይኖር። ጥቂት ወረድ ሲሉ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 44 ላይ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚል አለ። ሰው እዚህ ሲደርስ ድንገት ትርጓሜ ያምረዋል። ጠላት ሲባል እገሌን አይጨምርም፣ ውደዱ ሲባል እንዲህ ለማለት ነው ይጀምራል። ትእዛዙን የሚሽር «አንድም» ግን ከየትኛውም መምህር አልሰማሁም።