አክሲዮን የሚደለድሉ ኮምፒውተሮች

ገንዘብን በብዙ አክሲዮኖች ላይ የማከፋፈል ቀመር ከሃሪ ማርኮዊትዝ የ1952 ጽሑፍ ይጀምራል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀመሩ የወደፊቱን ትርፍና የዋጋ መዋዠቅ አስቀድሞ መገመትን ይጠይቃል። ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ ግን ግምቱን ትቶ ኮምፒውተሩን በአለፈ የገበያ ታሪክ ውስጥ ይለቀዋል፤ ሲያተርፍ ይሸለማል፣ ሲከስር ይቀጣል፣ እየተሳሳተም ይማራል።

በአታሪ የቪዲዮ ጨዋታዎች ስሙ የገነነው የዚህ ስልት ፕሮግራም ዲኪውኤን (DQN) የእያንዳንዱን ውሳኔ ጥቅም ለየብቻ ይመዝናል። ችግሩ የምርጫው ብዛት ነው። በዳው ጆንስ፣ ማለትም በሠላሳ ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የአክሲዮን መለኪያ፣ ውስጥ ላሉት አክሲዮኖች «ግዛ፣ ሽጥ፣ ተወው» ብቻ ቢባል እንኳ በአንድ ጠዋት የሚመዘኑት ጥምረቶች ከ205 ትሪሊዮን ይበልጣሉ። ጆን ሙዲና ማቲው ሳፌል በ2001 ባሳተሙት ሥራ ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚይዘውን የአክሲዮን መጠን በቀጥታ ይማራል፣ የሚሸለመውም ትርፉ ከመዋዠቁ ጋር ተመዛዝኖ ነው። ዲዲፒጂ (DDPG)፣ ኤቱሲ (A2C) እና ፒፒኦ (PPO) የተባሉ ሌሎች የመማሪያ ስልቶች ሁለቱን ሐሳቦች ያጣምራሉ፦ አንደኛው ክፍል ይወስናል፣ ሌላው ይተቸዋል። ዲዲፒጂ የቆየ ልምዱን ደጋግሞ ስለሚጠቀም በመረጃ ቆጣቢ ነው፤ ነገር ግን አመለኛ ነው፣ በትንሽ የቅንብር ለውጥ ይበላሻል። ፒፒኦ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይለወጥ ልጓም አለበት።

በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ሦስቱንም አሠልጥኖ በየሦስት ወሩ የተሻለውን ይመርጥ ነበር። ቋሚ አሸናፊ ቢኖር ኖሮ ምርጫው ባላስፈለገ።

ደግሞስ በምን ይማራሉ? ዲኪውኤን ለአንድ ጨዋታ 50 ሚሊዮን ምስሎች አይቷል፤ የአሜሪካ ገበያ ግን በዓመት 252 ቀን ያህል ነው የሚከፈተው፣ አሥር ዓመት ቢደመር 2,520 ቀን ነው። በዚህ ላይ የግብይት ወጪ አለ። ከ100 ዶላር ውስጥ 50ውን በየቀኑ ሸጦ በሌላ አክሲዮን የሚተካ ኮምፒውተር፣ በሽያጩም በግዢውም 0.1 በመቶ ቢከፍል በዓመት 25 ዶላር ገደማ ይበላበታል። ወጪውን ያልቆጠረ የስልቶች ንጽጽር ሰንጠረዥ ባይነበብ ይሻላል።

ከሰንጠረዡ ሊጠፋ የማይገባው ሌላው ተወዳዳሪ ገንዘቡን እኩል መካፈል ነው። በ2009 የታተመ ጥናት አሥራ አራት ቀመሮችን ፈትሾ፣ ይህን ቀላል ዘዴ ዘወትር የሚበልጥ አንድም አላገኘም፤ የተፈተሹት የእነማርኮዊትዝ ቀመሮች ናቸው እንጂ እነዚህ እየተሳሳቱ የሚማሩት ኮምፒውተሮች አይደሉም፣ መለኪያው ግን ለእነርሱም ይሠራል። የአክሲዮኖቹ ዝርዝርም ይፈተሽ፦ ጀነራል ኤሌክትሪክ በ2018 ከዳው ጆንስ ወጥቷል፤ የዛሬዎቹን ሠላሳ ስሞች ይዞ ወደ ኋላ ተመልሶ የሠለጠነ ኮምፒውተር የእርሱን ውድቀት ፈጽሞ አያየውም።