በጣና ላይ መሻገር፦ የባሕር ዳር ጀልባዎችና ደሴቶች

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ ባሕር ዳር ግን ወደብ አላት። መርከብ አለ፣ ካፒቴን አለ፣ ትኬት የሚቆርጥ አለ፣ ጭነቱን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ገበሬም አለ። የአካባቢው ሰው ጣናን «ባሕር» ነው የሚለው። የከተማዋ ስምም የመጣው ከዚያው ነው።

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስፋቱ በክረምትና በበጋ ስለሚለያይ ከ3,000 እስከ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር እየተባለ ይጻፋል። ጥልቀቱ ግን የስፋቱን ያህል አያስፈራም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ሐይቁ የተፈጠረው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት የውሃውን መውጫ ዘግቶት ነው። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭን የመሳሰሉ ወንዞች ይገቡበታል፤ በተፈጥሮ የሚወጣበት ወንዝ አባይ ብቻ ነው። ግልገል አባይ ከሐይቁ ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል የሚል የቆየ ወግ አለ። ጀልባ ተሳፍሮ ይህን ወግ ሳይሰማ የወረደ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል። በካርታ ካየናቸው ሁሉም በሐሩር ክልል ውስጥ ናቸው። ግን የዘንባባ ጥላና ነጭ አሸዋ ብሎ የሚመጣ ሰው ጉድ ይሆናል። እዚህ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ የቡና ተክል፣ የመነኮሳት ጎጆ ነው። ከፍታው ስላለ ደግሞ በማለዳ ውሃ ላይ ጋቢ አይጠላም።

መሻገሪያው ብዙ ዓይነት ነው። ጥንታዊው ታንኳ ነው። የሚሠራው ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ ደንገሉ ተቆርጦ ይደርቃል፣ ከዚያ በጥቅል በጥቅል እየታሰረ ቅርጽ ይይዛል። በጥንት ግብፆች ሥዕሎች ላይ የሚታዩት ጀልባዎች ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላሉ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳ ለዓመታት የሚቆይ ንብረት አይደለም። ቀዛፊው ጉዞውን ሲጨርስ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። በዚህ ሙያ የሚታወቁት ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው። ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ ጠፍቶ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ስለ ጣና ሲወራ ገዳማቱ ብዙ ይነገርላቸዋል፣ ወይጦዎች ግን ሁልጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋሉ። እኔም ይኸው ከዚያ ብዙም አልራቅሁም። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፈውን ታንኳ ግን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ እንጨቱ ቀዛፊውን ሊሸፍነው ይደርሳል።

ሁለተኛው የሞተር ጀልባ ነው። ጎብኚ የሚሳፈረው በአብዛኛው በዚህ ነው። እንጦስና ክብራን የተባሉት ደሴቶች ቅርብ ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዘጌ እንደ ሞተሩ ጉልበት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ደቅና ዳጋ ግን ሦስት ሰዓት ሊፈጁ ስለሚችሉ ቀኑን ሙሉ መያዝ ነው። ጠዋት በጊዜ መነሳት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሞገዱ ትንሿን ጀልባ ያንገላታታል። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት ጨርሱ፤ መመለሻና መጠበቂያ ይጨምር እንደሆነም ጠይቁ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። ላይፍ ጃኬት ከሌለ ደግሞ ሌላ ጀልባ ፈልጉ፤ «ሐይቁ ዛሬ ጸጥ ያለ ነው» የሚል መልስ አያጥግባችሁ።

ሦስተኛው ትልቁ መርከብ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጣሊያኖች በሰሜኑ ዳር ጎርጎራ ላይ ወደብ ሠርተው ነበር። ከባሕር ዳር ተነስቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰው መስመር ለረጅም ዘመን በሳምንት አንድ ጊዜ ሲሠራ ቆይቷል። ጉዞው ሁለት ቀን ይወስድ ነበር፤ ማደሪያው ቁንዝላ ነበር። በአስፋልት ከባሕር ዳር ጎንደር በሦስት ሰዓት የሚደርስ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ለደቅ ገበሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እህሉ ገበያ የሚወጣው፣ ጨውና ዘይቱ የሚገባው፣ በሽተኛው ሐኪም ቤት የሚደርሰው በውሃ ነው።

ጣና ላይ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። በዓለም ላይ በጀልባ ወደ ደሴት ሲኬድ ይህ ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም። ከዳሬሰላም ዛንዚባር የሚሻገር የውጭ ሰው አገሩ ያው ታንዛኒያ ሆኖ ሳለ ፓስፖርቱን እንደገና ያሳያል። የጣና ደሴቶች ሕግ ግን የሚጠብቀው ከጀልባ ሲወርዱ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እዚያ የደረሰች ሴት ዳር ላይ ቆይታ አብረዋት የመጡትን ትጠብቃለች። ይህ የሚያስከፋቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሳይነገራቸው ሦስት ሰዓት ተጉዘው ከሆነ ደግሞ ቢከፉ አይፈረድም። ስለዚህ መስመሩን ቀድሞ መምረጥ ነው። ደቅ ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናት። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራቻት እቴጌ ምንትዋብ ስትሆን፣ የግድግዳዋ ሥዕል ብቻውን ጉዞውን ያካክሳል። እንጦስ የመነኮሳይያት ደሴት ናት። ዳጋ የምትታወቀው የነገሥታት አፅም በማስቀመጥ ነው፤ የዘርአ ያዕቆብና የፋሲለደስ አፅም እዚያ እንዳለ ይነገራል። ጣና ቂርቆስ ደግሞ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት አርፋበታለች የሚል ትውፊት ያለው ገዳም ነው። ዘጌ ደሴት ሳትሆን ልሳነ ምድር ናት፤ በመኪናም ይደረስባታል። ቡናዋና ጌሾዋ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀሉ ናቸው ይላሉ አባቶች።

የውሃውን መጠን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጣጠረው አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጫራጫራ ላይ የተሠራው ግድብ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ውሃው በጣም ጎድሎ መርከቦች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም መጣ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በደንቢያና በፎገራ በኩል ተንጣሎ ሞተር ያንቃል፣ መረብ ይይዛል። ሕዝቡ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል፤ እምቦጩ ተመልሶ ይበቅላል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡ መልካም ነው፣ እምቦጩን ግን አላስቆመውም። በቅርብ ዓመታት በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግር ደግሞ ጎብኚውን አራቀው፤ ብዙ ጀልባ ዳር ታስሮ ዋለ።

ዓለም አቀፍ ድንበር መሻገርን ካነሳን፣ ጣና ላይ ይህን ታሪክ ያላት ራሷ መርከቧ ናት። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ቁጥር 2 የተባለች መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነስታ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና ወደ ባሕር ዳር ተጓዘች። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ መርከብ አስፋልት ላይ ስታልፍ ይቀርጽ ነበር።